በሩ የት ነው? ከባሕር ስለሚወጡ ብረት ለበሶች

(ይህ በዋሽንግተን አካባቢ በምንሰበሰብበት የታሪክ ንባብ ክበብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ጦር መሣሪያ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ ከመድፉ ነው የሚጀምረው። ስንት ሚሊሜትር ነው? ምን ያህል ይወረውራል? እኔ ዛሬ ከበሩ ልጀምር። ከመርከብ ተነስቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ አሸዋ ላይ የሚወጣ ብረት ለበስ ዋና ሥራው መተኮስ አይደለም። ሰው ማድረስ ነው። የደረሰው ሰው ደግሞ መውረድ አለበት፤ ያውም ጥይት እየዘነበበት። ስለዚህ የትኛውንም ሞዴል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ በሩ የት ነው?

ወሬዬ በአብዛኛው ስለ አሜሪካ ማሪን ኮርፕስ ነው። ይህን ሥራ እንደ ዋና ሙያቸው ይዘውታል፤ ደግሞም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከአሌክሳንድሪያ በአይ-95 ወደ ደቡብ ብትነዱ ኳንቲኮ አጠገብ ሙዚየማቸውን ታገኛላችሁ። ትራፊክ ከሌለ ቅርብ ነው። (መቼ ጠፍቶ ያውቃል ብላችሁ እንደሳቃችሁ ይገባኛል።) ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ተሽከርካሪ የግንድ አጥር እየወጣ የቆመ አለ። ቦታው ታራዋ ነው። እመጣበታለሁ።

የዚህ ተሽከርካሪ ዘር ሲጀመር ለጦርነት አልታሰበም። በ1928 ፍሎሪዳ ውስጥ የኦኪቾቢ ሐይቅ በአውሎ ነፋስ ግድቡን ጥሶ ቢያንስ 2,500 ሰው ጨረሰ። ረግረጉ ለጀልባ ጥልቀት የለውም፣ ለመኪና ደግሞ መሬት የለውም። የተጎዱትን ሄዶ ማውጣት አልተቻለም። ከዚያ በኋላ ዶናልድ ሮብሊንግ የሚባል ባለጸጋ፣ አባቱ ገፋፍተውት፣ በውሃም በጭቃም የሚሄድ የነፍስ አድን መኪና ለመሥራት ተነሳ። ቤተሰቡን በሥራቸው ታውቋቸዋላችሁ። በ1883 የተመረቀውን የብሩክሊን ድልድይ ያስጨረሰው አያቱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ነው። ዶናልድ በ1935 የመጀመሪያውን ሠራ። ቀላል እንዲሆን አካሉን በአሉሚኒየም አደረገው። ስሙን አሊጌተር አለው። ውሃ ላይ የሚገፋው ፕሮፔለር አይደለም፤ ራሱ ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ላይ የተተከሉት ጥርሶች ውሃ ውስጥ እየቀዘፉ ይወስዱታል፤ መሬት ሲነካ እነዚያው ጥርሶች ጭቃውን ቧጥጠው ያወጡታል።

በ1937 ላይፍ መጽሔት ፎቶውን አወጣ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲል ማሪኖቹ ዘንድ ደረሰ። ማሪኖች በዚያን ጊዜ ከጃፓን ጋር በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ጦርነት እንደማይቀር ገምተው ልምምድ ላይ ነበሩ። ተሽከርካሪውን ፈለጉት። በብዛት የማምረቱን ሥራ የወሰደው ፉድ ማሽነሪ ኮርፖሬሽን ነው፤ ባጭሩ ኤፍኤምሲ። ኩባንያው እስከዚያ የሚሠራው የፍራፍሬ ዛፍ ፀረ ተባይ መርጫ ፓምፕና የምግብ ማሸጊያ ማሽን ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ቆይቶ ያስፈልገናል።

ተሽከርካሪው ኤልቪቲ ተባለ፤ በሰንሰለት የሚሄድ ወደ ዳርቻ አውራጅ ማለት ነው። የመጀመሪያው፣ ኤልቪቲ-1፣ በ1941 ከፋብሪካ ወጣ። በሩ የት ነው? በር የለውም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የኋላው መንገድ ተዘግቷል። ወታደሩ ጎኑ ላይ ተንጠላጥሎ፣ በላይ በኩል ዘሎ ነው የሚወርደው። ጋሻም የለውም፤ ስስ ብረት ነው። መጀመሪያ ነገር እንደ ጭነት መኪና ነበር የታሰበው። በ1942 በሰላማዊ ውቅያኖስ ጓዳልካናል ደሴት ላይም ጥይትና ራሽን ነው ያመላለሱበት።

አሁን ወደ ታራዋ። ትንሽ እዚህ እቆያለሁ፤ ሁሉም ነገር የተለወጠው እዚህ ነውና።

ኅዳር 20 ቀን 1943 ነው፤ ኖቬምበር ማለቴ ነው። ታራዋ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለ የደሴቶች ቀለበት ነው፤ ከውስጡ ቤቲዮ የምትባለው ደሴት በጣም ትንሽ ናት። ከ4,500 በላይ ጃፓናውያን ወታደሮችና ሠራተኞች በኮንክሪትና በኮኮናት ግንድ ምሽግ ሠርተው ይጠብቃሉ። ደሴቲቱን የኮራል ድንጋይ ከቧታል። ማሪኖች አብዛኛውን ሰው የሚያወርዱት ሂጊንስ በሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ነው። ጀልባው ከነጭነቱ ድንጋዩን ለማለፍ 1 ሜትር ከ20 ያህል ውሃ ይፈልጋል። የኤልቪቲ ሰንሰለት ግን ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። የነበራቸው 125 ብቻ ነበር።

ባሕሩ ይሞላል ወይስ አይሞላም? ደሴቶቹ ላይ ለዓመታት የኖረ ሻለቃ ፍራንክ ሆላንድ የሚባል ሰው በዚያ ቀን ውሃው አይበቃም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሌሎች ይበቃል አሉ። የጦር አዛዡ ጄኔራል ጁሊያን ስሚዝም ጥርጣሬ ስለነበረው ብዙዎቹ በእግር እንደሚገቡ ለወታደሮቹ ነግሯቸዋል። የሆነውም ያ ነው። ድንጋዩ ላይ የነበረው ውሃ 1 ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ለረጅም ሰዓትም ከፍም ዝቅም ሳይል ቆመ። ለምን እንደሆነ የታወቀው በ1987 ነው። ዶናልድ ኦልሰን የሚባል የቴክሳስ የፊዚክስ ሊቅ ቢያሰላው፣ በዚያን ቀን ጨረቃ ግማሽ ነበረች፤ በዚያ ላይ ከምድር በጣም የራቀችበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል።

በኤልቪቲ የገቡት የመጀመሪያ ሦስት ማዕበሎች ዳርቻው ደረሱ። ከኋላ በጀልባ የመጡት ድንጋዩ ላይ ቀሩ። ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ከ500 ሜትር በላይ በውሃ ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። መትረየስ ፊት ለፊታቸው ነበር። በ76 ሰዓት ውስጥ 1,000 ያህል ማሪኖችና መርከበኞች ሞቱ። ከጃፓን ወታደሮች በሕይወት የተማረኩት 17 ናቸው።

ከ125ቱ ኤልቪቲዎች 90 ያህሉ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። ከመሄዳቸው በፊት ኒውዚላንድ ሳሉ ያገኙትን የቦይለር ብረት ፊታቸው ላይ ለጥፈውባቸው ነበር፤ ለትልቁ ጥይት ግን አልበቃም። ያለ በር መሆናቸው ደግሞ ሌላ ዕዳ ሆነ። ጎኑን ተሻግሮ የሚዘል ሰው ለአንድ አፍታ ከሁሉም በላይ ይታያል። ተኳሽ የሚፈልገው ያችን አፍታ ነው።

ከታራዋ በኋላ ሁለት ነገር ግልጽ ሆነ። ኤልቪቲ ጭነት መኪና መሆኑ ቀርቶ የሰው ማጓጓዣ ሆነ። ቁጥሩም መብዛት አለበት። ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሰኔ 1944፣ ሳይፓን ደሴት ላይ ከ700 በላይ አሰለፉ። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ 8,000 ያህል ሰው ዳርቻው ላይ ወረደ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ18,000 በላይ ተመረቱ።

ሳይፓን ላይ ነው ኤልቪቲ-4 የታየው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሞዴል እሱ ነው። የተደረገው ለውጥ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሞተሩን ከኋላ አንስተው ወደፊት፣ ከሾፌሩ ጀርባ አመጡት። ኋላው ባዶ ሆነ። እዚያ ላይ ወደ ታች የሚከፈት ሰፊ የብረት መዝጊያ ገጠሙ። በቃ። ወታደሩ ብረቱን ከለላ አድርጎ በኋላ በኩል ሮጦ ይወጣል። ጂፕም መድፍም ተነድቶ ይገባል። ከዚህ በኋላ ኤልቪቲ-3 ሁለት ሞተሮችን ግራና ቀኝ ጎኑ ውስጥ ከትቶ ያንኑ የኋላ በር ያዘ፤ ኦኪናዋ ላይ በ1945 ደረሰ።

በጎን ደግሞ ተኳሾቹ ዝርያዎች ነበሩ። ኤልቪቲ(ኤ)-1 የቀላል ታንክ ቱሬት (የሚዞረው የመድፍ ማማ) ከ37 ሚሊሜትር መድፉ ጋር ተጭኖበታል። ኤልቪቲ(ኤ)-4 ደግሞ 75 ሚሊሜትር ሃዊትዘር የሚባል አጭር መድፍ። እነዚህ ሰው አይጭኑም። መርከቦቹ ተኩስ ሲያቆሙና ወታደሩ ዳርቻ ሲደርስ መሃል ያለችውን ክፍተት ለመሸፈን ነው የተሠሩት። እንግሊዞችም ኤልቪቲ ወስደው ቡፋሎ ብለው ጠሯቸው፤ በ1944 ሆላንድ ዋልሄረን ላይ፣ በ1945 ራይን ወንዝ ላይ ተጠቀሙባቸው።

ታንክን ራሱን ቢያስዋኙስ? ሞክረዋል። ሸርማን ታንክ ዙሪያውን በሸራ ከለው፣ ፕሮፔለር ገጥመውለት ኖርማንዲ ላይ ለቀቁት። አንዳንዱ ዳርቻ ላይ ሠርቷል። ኦማሃ በሚባለው ዳርቻ ላይ ግን አንድ የታንክ ሻለቃ ጦር 29 ታንክ ከሩቅ ለቅቆ 27ቱ ሰመጡ። ሞገዱ ሸራውን አጠፈው። ሠላሳ ምናምን ቶን ብረትና ማዕበል መሃል ያለው ሸራ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ኤልቪቲፒ-5 ነው፤ የ1950ዎቹ ሥራ። 37 ቶን ይመዝናል፣ 34 ሰው ይይዛል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሣጥን ነው። ቤተሰቡም ሰፋ፦ 105 ሚሊሜትር ሃዊትዘር የያዘው ኤልቪቲኤች-6፣ ፈንጂ የሚያጸዳው ኤልቪቲኢ-1፣ የተበላሸ የሚጎትተው ኤልቪቲአር-1፣ ሬዲዮ የሞላው የአዛዥ መኪና። በሩስ? ወደፊት ሄደ። ሞተሩ እንደገና ወደኋላ ስለተመለሰ፣ ሰዎቹ በፊት ለፊት፣ ጠላት ባለበት አቅጣጫ ነው የሚወርዱት። እኔ ይህን ማን እንደፈቀደ አይገባኝም።

የባሰው ግን ከበሩ ሳይሆን ከእግራቸው ሥር ነው። ከወለሉ በታች 12 የቤንዚን ታንከር ነበር፤ ከ1,700 ሊትር በላይ ይይዛል። ናፍጣ አይደለም፣ ቤንዚን። ቬትናም ውስጥ እነዚህ ተሽከርካሪዎች ባሕሩን ትተው በመንገድና በሩዝ ማሳ መሄድ ሲጀምሩ ፈንጂ ይረግጡ ነበር። ማሪኖቹ መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት። ውስጥ መቀመጥ ትተው ጣሪያው ላይ በአሸዋ ከረጢት መሃል ተቀመጡ። ጥይት ይሻላል አሉ። አንድ ብረት ለበስ ተሳፋሪው ከውስጡ ይልቅ ላዩ ላይ መሆንን ከመረጠ፣ መሐንዲሱ የሚሰማው ነገር አለ።

ሰምቷል ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የገባው ኤልቪቲፒ-7፣ በኋላ ኤኤቪ-7 የተባለው፣ በናፍጣ ይሠራል። በሩ ወደኋላ ተመለሰ። ሠሪው ያው ኤፍኤምሲ ነው። 3 ሠራተኞችና 25 ማሪን ይይዛል። ውሃ ላይ በሁለት የውሃ ጄት እየተገፋ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመንገድ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዝርያዎቹ ከቀድሞው አነሱ፤ የሰው ማጓጓዣው፣ የአዛዡ ሲ እና የጥገናው አር ሞዴል ናቸው። ፈንጂ የሚያጸዳ ረጅም የፈንጂ ገመድ በሮኬት የሚወረውር መሣሪያም በተራው ማጓጓዣ ላይ ይገጠማል። አርጀንቲና በሚያዝያ 1982 ፎክላንድ ስትገባ ይዛው የወጣችው ይህንኑ ነበር። ታኅሣሥ 1992 ሌሊት ላይ ማሪኖች ሞቃዲሾ ሲገቡ የቴሌቪዥን ካሜራ መብራት ዓይናቸውን ያጠበረሰባቸውን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ከባሕር የወጡት እነዚህ ናቸው። በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ሚሲሲፒን ሲመታ ደግሞ በጎርፍ ውስጥ ሰው አውጥተውባቸዋል። ሮብሊንግ በመጀመሪያ ያሰበው ሥራ ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንዱ ወንድማችን በመሃል ጥያቄ አነሳ፦ "እኛ አገር የነበሩት ቢቲአሮችስ? እነሱም ይዋኛሉ ይባላል።" እውነት ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ቢቲአር-60ዎች ውሃ ላይ ይሄዳሉ፤ ከኋላ የውሃ ጄት አላቸው። ግን የታሰቡት ለአውሮፓ ወንዞች ነው። ወንዝ ማቋረጥ ሌላ፣ የውቅያኖስ ሞገድ ሰብሮ መውጣት ሌላ። በሩንስ ካነሳችሁ፣ ቢቲአር-60 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ወታደሩ በጣሪያና በጎን ባሉ ትናንሽ መስኮቶች ተጣጥፎ ነው የሚወጣው። ከኤልቪቲ-1 ጋር አንድ ዓይነት ጣጣ ነው።

ወደ ኤኤቪ-7 ልመለስ። ጥሩ ተሽከርካሪ ነበር፤ ግን ሃምሳ ዓመት አገልግል ተባለ። ይህ ለማንም አይበጅም። ኢራቅ ውስጥ ከባሕር ርቆ በመንገድ ሲሄድ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ወለሉ ፈንጂ አልቻለም። ነሐሴ 3 ቀን 2005 ሐዲታ አጠገብ አንዱ መንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ ተመታ። 14 ማሪኖችና አስተርጓሚያቸው አለቁ።

ከዚያ ሐምሌ 30 ቀን 2020 መጣ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ክሌመንቴ ደሴት አጠገብ፣ ጦርነት የለም፤ ልምምድ ነው። አንድ ኤኤቪ 16 ሰው ይዞ ወደ መርከቡ ሲመለስ ውሃ መግባት ጀመረ። ቀስ እያለ ነው የገባው። 45 ደቂቃ ያህል ወስዷል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ሰዎቹ መውጣት ነበረባቸው፤ ትእዛዙ ዘገየ። የአደጋ ጊዜ መብራት አልሠራም። ሰዎቹ ከነጥይት መከላከያቸው ጨለማ ውስጥ የላይኛውን መዝጊያ ለመክፈት ታገሉ። ሲከፈት ሞገድ ገባበት። 8 ማሪኖችና 1 የባሕር ኃይል የሕክምና ባለሙያ ሞቱ። ተሽከርካሪው ከ115 ሜትር በላይ ጥልቀት ሰመጠ።

ምርመራው ተሽከርካሪዎቹ በደንብ እንዳልተጠገኑ፣ ሰዎቹም ሰምጦ የመውጣት ሥልጠናቸውን እንዳልጨረሱ፣ በአካባቢውም የነፍስ አድን ጀልባ እንዳልነበረ ጻፈ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ያ የምናደንቀው የኋላ በር አሸዋ ላይ ሕይወት አዳኝ ነው። ባሕር መሃል ግን አይከፈትም፤ ቢከፈት ውሃው ጎርፎ ይገባል። ስለዚህ ውሃ ላይ ያለው በር ያው የኤልቪቲ-1 ነው፤ በላይ በኩል። በ2021 መጨረሻ ማሪን ኮርፕስ ኤኤቪ-7 አስገዳጅ ካልሆነ በቀር ዳግም ውሃ እንዳይገባ ወሰነ።

ለምን በጊዜው አልተተካም? ሊተኩት ሞክረው ነበር። ኢኤፍቪ የሚባል ተሽከርካሪ ጄኔራል ዳይናሚክስ ለዓመታት ደከመበት። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። መርከቦች ሚሳይል ፈርተው ከዳርቻው ይራቁ፤ ተሽከርካሪው በውሃው ላይ እንደ ፈጣን ጀልባ ይብረር። በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ሄዷል። ለዚህ 2,700 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያስፈልጋል። ውሃ ላይ እንዲንሸራተትም ሆዱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት። ጠፍጣፋ ሆድ ፈንጂ ሲመታው ምን እንደሚሆን ሐዲታ ላይ ታይቷል። 25 ሰው ይዞ የነበረው ቦታ ወደ 17 ወረደ። በሙከራም ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ነበር። ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ፣ አንዱ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደሚያወጣ ሲታወቅ፣ በጥር 2011 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ይቁም አለ። ብዙዎች ተናደዱ። እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ወታደሩ ባሕር ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚነዳው መሬት ላይ ነው። ለጥቂት ሰዓት ሲባል ሳምንቱን መሸጥ አያዋጣም።

ቻይናዎች በዚህ አይስማሙም። ዓይነት 05 የሚሉት ቤተሰባቸው ውሃ ላይ ተንሸራቶ በፍጥነት ይሄዳል፤ አንዱ ዝርያ 105 ሚሊሜትር መድፍ አለው፣ ሌላው 30 ሚሊሜትር ይዞ ሰው ይጭናል። ለምን ፍጥነቱን እንደፈለጉት ለመገመት ካርታ ላይ ታይዋንን ማየት ይበቃል። ጃፓን በበኩሏ በ2018 የራሷን ከባሕር የሚወርድ ብርጌድ ስታቋቁም ያሮጌውን ኤኤቪ-7 ነው የገዛችው።

አሜሪካ የመረጠችው ኤሲቪ ነው። በ2018 ውሉን ያገኘው ቢኤኢ ሲስተምስ ከጣሊያኑ ኢቬኮ ጋር ሆኖ ነው። ያን ያዙልኝ ያልኳችሁ ስም ትዝ ይበላችሁ፤ የኤፍኤምሲ የጦር ተሽከርካሪ ክፍል በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ዛሬ ቢኤኢ ውስጥ ነው ያለው። ኤሲቪ ሰንሰለት የለውም፤ 8 ጎማ ነው። ከሥሩ የፈንጂን ኃይል ወደ ጎን የሚበትን ቅርጽ አለው፤ ወንበሮቹም ንዝረቱን እንዲያበርዱ ተሠርተዋል። ውሃ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ከአሮጌው ኤኤቪ አይፈጥንም። 3 ሠራተኞችና 13 ማሪን ይይዛል። በሩ ከኋላ ነው።

እንከን የለውም አልልም። በሐምሌ 2022 ካምፕ ፔንድልተን ላይ ሞገዱ በርትቶ አንዱ ዳርቻው ላይ ተገለበጠ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ሞገድ ውስጥ እንዳይገባ ገደብ ተጣለበት። ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ሞገድ ውስጥ እንደ ሰንሰለት ተሽከርካሪ አይነዳም። ሰንሰለት የለመደው ሾፌር እንደገና መሠልጠን ነበረበት።

የኤሲቪ ቤተሰብ አራት ነው፦ ማጓጓዣው፣ የአዛዡ፣ የጥገናው እና 30 ሚሊሜትር መድፍ ያለው ኤሲቪ-30። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ሌላው ጊዜ ቢሆን መድፍ የሚጨምር ዝርያ የሰው ቦታ ይቀማል፤ ኤልቪቲ(ኤ) ሰው መጫን ያቆመው ለዚህ ነበር። የኖርዌዩ ኮንግስበርግ የሠራው የኤሲቪ-30 ቱሬት ውስጥ ግን ሰው የለም። ተኳሹ ሥር ሆኖ በስክሪን ነው የሚያነጣጥረው። ተርፎ የቀረው ቦታ ለማሪኖቹ ነው፤ መንገዱም እስከ ኋላው በር ክፍት ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ነኝ።